ሳሎናቸውን ለጋላክሲው ለለቀቁ ወላጆች

ልጃቸውን በስታር ዋርስ፣ በዚያ የሕዋ ጦርነት ተከታታይ ፊልም፣ ኮትኩተው ለሚያሳድጉ ወላጆች ሐውልት ቢቆምላቸው ያንሳቸዋል። ሌላው ሰው ልጁን ፊደል ሲያስቆጥር እነሱ ክፍል ያስቆጥራሉ፤ ያውም ከአራት ጀምረው። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ክፍል 4 ነው፤ ክፍል 1 የመጣው ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ልጁ 4፣ 5፣ 6፣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቢቆጥር የሒሳብ አስተማሪው ይልመዱት። ከ1 ያስጀመረ ወላጅ ግን ወዮለት! የዋናው ጀግና የሉክ አባት ማን እንደሆነ ልጁ አስቀድሞ ያውቅና በ1980ው ፊልም የተገለጠው ታላቅ ምስጢር የትናንት ወሬ ይሆንበታል።

ለጋስነታቸውም የቆየ ነው። በ1977 ገና ሰሞን ኬነር የተባለው የስታር ዋርስ አሻንጉሊት ሠሪ ምርቱ አልደርስ ቢለው ካርቶንና ኩፖን ሸጠ፤ አራቱ አሻንጉሊቶች በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይላካሉ ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ወላጆችም ገዙ።

የፍቅር ሚዛኑ ግን ሚሌኒየም ፋልከን ነው፤ የፊልሙ የጠፈር መርከብ፣ በሌጎ ማለትም በሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ፍሬዎች የሚሠራ። በ2017 ሲወጣ 800 ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም ነበር የቀረው። 7,541 ፍሬ አለው፤ ካርቶኑ ላይ ከ16 ዓመት በላይ ይላል። ስለዚህ ለሰባት ዓመት ልጅ ይገዛል፤ የእኛ ልጅ እኮ ከዕድሜው የቀደመ ነው፣ ኢንጂነር ሊሆን ነው። ፍሬዎቹ ቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች ይመጣሉ፤ በተራ አንድ አንዱን እየከፈቱ መገጣጠም ነው። ኢንጂነሩ ግን ሁሉንም ቀዶ ምንጣፉ ላይ ይዘረግፈዋል። ከዚያ ወዲያ ግራጫን ከግራጫ መለየት ምስር ከመልቀም ይብሳል። አንዲት ፍሬ አንድ ቀዳዳ ስታ ከገባች ጉዱ የሚታየው ከስንት ገጽ በኋላ፣ የላይኛው ሽፋን አልገጥም ሲል ነው፤ ያኔ እስከ ስህተቱ ድረስ ማፍረስ ነው። ይህ የአባት ሥራ ነው። ልጁማ ተኝቷል።

ሲያልቅ ርዝመቱ 84 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ረከቦቱ ወደ ኮሪደር ይሰደዳል። ፀሐይ ካገኘው ግራጫው ይወይባል፣ መጋረጃ ይዘጋ። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው፤ ጨርቅ ጥቃቅኑን ይነቅላል። ዕጣንም ባይጨስ ይመረጣል። ልጁም ባይነካው።

የፊልሙ ተዋጊዎች የሚይዙትን የብርሃን ጎራዴ፣ የፕላስቲኩን ማለቴ ነው፣ በአጭሩ እንለፈው። እጅን ወንጨፍ ሲያደርጉት አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ እየወጣ ይረዝማል፤ ሶፋ ተመትቶበት ከተቀረቀረ ግን አይመለስም። ጫፉን ወለል ላይ አቁሞ ቀጥ አድርጎ መጫን ነው።

ትልቁ ውለታ ግን የፊልሙ ጠቢብ መምህር ዮዳ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አማርኛ እምቢ ያለ ልጅ፣ ግሱን ወደ መጨረሻ የሚወረውር አረንጓዴ ሽማግሌ አገኘ። ፈረንጅ ይህን ጥበብ ነው ይለዋል፤ እኛ ግሱን ጥንትም እዚያው ነው የምናስቀምጠው። ትናንት በአያቱ እንግሊዝኛ ይስቅ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ጄዳይ፣ እንደ ዮዳ ደቀ መዝሙር፣ ያዳምጣቸዋል። እናትና አባት አልተቀላቀሉም፤ የጠፋችውን የሌጎ ፍሬ ሶፋ ሥር በስልክ መብራት እየፈለጉ ነው።