ሉካን አሳልፎ የሰጠ ቡድን

በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ቡድን የዳላስ ማቬሪክስን ጨዋታ በስልኬ ለማየት ስነሳ፣ ለኪዳን የምትወጣው እናቴ «ዛሬም ተሸነፋችሁ?» ብላኝ ታልፋለች። መልስ የለኝም።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለፍጻሜ ደርሶ በቦስተን ሴልቲክስ በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 የተረታ ቡድን፣ ያንን ጉዞ የመራውን የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ገና ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. በድብቅ ድርድር ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሲሰጥ፣ በዋናነት የተቀበለው ጉዳት የሚደጋገምበትን የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን ነው። የጎጃም ገበሬ እንኳ የሚያርስ በሬውን በሰኔ ገበያ አያወጣም። ምክንያቱ የመከላከል አቅምን ማጠናከር ነው ተባልን፤ መከላከሉም በመጀመሪያው ጨዋታ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ! (ዴቪስን አልወቅስም፤ ልኩኝ ብሎ አልጠየቀም።)

ዝውውሩን ያደረገው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰን፣ ደጋፊው በየጨዋታው «ይባረር» እያለ ከጮኸ በኋላ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ተሰናብቷል። ይሁን እንጂ የክለቡን አብላጫ ድርሻ በ2016 ዓ.ም. ዋና ባለቤት ከነበረው ከማርክ ኩባን ገዝተው ይህንኑ ዝውውር ያጸደቁት ባለቤቶች፣ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ ይመስል በወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ እነርሱን የሚያሰናብት ደግሞ የለም።