አዲስ ተውኔት ሁለተኛ ቤት ይፈልጋል

ከትልቁ ከተማ ራቅ ያለ፣ 80 ሰው ብቻ የሚይዝ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ውስጥ የአንዲት ጀማሪ ጸሐፌ ተውኔት ሥራ አየሁ። ጸሐፊዋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ድርሰቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳስ ይዛለች። መድረኩ ላይ አንድ አባት ቤቱን ለምን እንደሸጠ ለሴት ልጁ ያስረዳል። ንግግሩ ረዘመ። መሀል ላይ ሲደርስ ወንበሮች መንቋቋት ጀመሩ። አንዱ ሳለ፣ ሌላው ተከተለው። እሷ ቀና አላለችም፤ ወረቀቱ ላይ ረጅም መስመር ስታሰምር ብቻ አየኋት።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አባትየው ያን ሁሉ አላወራም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። አዳራሹም አብሮት ጸጥ አለ።

አዲስ ተውኔት የምወደው ለዚህ ነው። ጸሐፌ ተውኔት ግማሹን ሥራ የሚሠራው ሰው ፊት ነው። የቱ ጋ እንደሚሰለች፣ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚያዝ ጠረጴዛ አይነግረውም። ብዙ ቦታ ለጀማሪዎች የሚሰጣቸው ንባብ ብቻ ነው፤ ተዋንያን ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ፣ ያነባሉ፣ ውይይት ይደረጋል፣ በቃ። ንባብ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ያን የቁልፍ ዝምታ በንባብ ማን ያገኘው ነበር? ቁልፉም ጠረጴዛውም የሉማ!

የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተውኔቱ ጥቂት ቀን ታይቶ ከመድረክ ይወርዳል። ሌላ ቴአትር ቤት አያነሳውም። ሁሉም «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውን ቃል ፖስተሩ ላይ ማየት ይፈልጋል። ሌላው ቀድሞ ያሳየው ሥራ ያረጀ ይመስለዋል። ጸሐፊዋም የተማረችውን ሁሉ ይዛ ቤቷ ትገባለች።

አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን ይህ ቢደርስበት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስባለሁ። በኮኔቲከት የሚገኘው የኦኒል ቴአትር ማዕከል ቀደም ሲል የላካቸውን ሥራዎች ደጋግሞ መልሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን አንዱን ተቀበለው። የማዕከሉን የጸሐፌ ተውኔቶች ጉባኤ የሚመራው ሎይድ ሪቻርድስ የዬል ዩኒቨርሲቲው ቴአትር ቤት፣ የዬል ሬፐርቶሪ ቴአትርም ኃላፊ ነበር። ስለዚህ አንድ ተውኔት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ። «ፌንስስ» የተባለው የዊልሰን ተውኔት በ1983 በኦኒል ማዕከል ቀረበ። በ1985 ዬል ላይ ሙሉ ዝግጅት ሆነ። ከዚያ ቺካጎንና ሌሎች ከተሞችን አዳረሰ። ዊልሰን በየደረሰበት ይቆርጣል፣ ይጨምራል። ኒው ዮርክ የገባው በ1987 ነው፤ የፑሊትዘር ሽልማትንም በዚያው ዓመት አገኘ። ያ ሁሉ ጉዞ ባይኖር ኒው ዮርክ የሚያየው ተውኔት ሌላ ነበር።

ዛሬም መላ አለ። ናሽናል ኒው ፕሌይ ኔትወርክ የሚባለው የአሜሪካ ቴአትር ቤቶች ኅብረት አንድን አዲስ ተውኔት ቢያንስ 3 ቴአትር ቤቶች በዓመት ገደማ ውስጥ ተከታትለው እንዲያዘጋጁት ያደርጋል። እያንዳንዱ የራሱ አዘጋጅና የራሱ ተዋንያን አሉት። ሁሉም የመጀመሪያ ይባላሉ። ክብሩን ስለሚካፈሉት ማንም ቅር አይለውም። ጸሐፊውም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ድርሰቱን እያረመ ነው።

ለዚህ ትልቅ ድርጅት የግድ አያስፈልግም። ሁለት ጎረቤት ቴአትር ቤቶች ቢስማሙ ይበቃል። ገንዘብ የለም የሚለውን አውቃለሁ፤ የማይታወቅ ስም ወንበር አይሞላም የሚለውም እውነት ነው። ግን ትንሽ ቤት ትልቁ የሌለው ነገር አለው። ተውኔቱ ቢወድቅ ቤቱ አይፈርስም። የኦኒል ማዕከል ስሙን የወሰደለት አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዩጂን ኦኒል ራሱ በ1916 የመጀመሪያ ተውኔቱን መድረክ ላይ ያየው ፕሮቪንስታውን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ወደብ ላይ ባለ አሮጌ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ነው። ታሪኩ መርከብ ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከወለሉ ሥር ይመታ ነበር። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

የመጨረሻው ምሽት ላይ ጸሐፊዋን አነጋገርኳት። አባትየው ተስተካክሏል። ልጅቷ በሁለተኛው ገቢር የምትወጣበት ቦታ ግን አሁንም አልጣማትም። በሩን ዘግታ ትውጣ ወይስ ክፍት ትተወው፣ ገና አልወሰነችም። ሌላ ተዋናይት ስትሞክረው ማየት ትፈልጋለች። እኛ ስናወራ ሠራተኞቹ ያንን በር ከመድረኩ ላይ እየነቀሉ ነበር።