ስምንት ሺህ ድርሃም ሲተነተን

ዱባይ ካለ የግል ትምህርት ቤት «በወር 8,000 ድርሃም» የሚል የቅጥር ደብዳቤ የደረሰው መምህር መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ስልኩን አውጥቶ በብር ያባዛዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የሚወጣው ቁጥር አዲስ አበባ ለሚያስተምር ሰው ያስደነግጣል። ግን ድርሃሙ የሚወጣው እዚሁ ዱባይ ነው። ኪራዩም፣ ታክሲውም፣ እንጀራውም በድርሃም ነው የሚከፈለው። ሊወዳደር የሚገባው አገር ቤት የሚተርፈው ዱባይ ከሚተርፈው ጋር ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከድምሩ በላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል።

ደመወዙ ደብዳቤው ላይ ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ አንዳንዴም «ልዩ ልዩ» የሚል። ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል 8,000 ድርሃም ሊያቀርቡ ይችላሉ። የአንደኛው መሠረታዊ 5,600፣ የሌላው 4,000 ከሆነ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም። በኤምሬትስ የእ.ኤ.አ. 2021 የሠራተኛ ሕግ (ቁጥር 33) መሠረት ሥራ ሲለቁ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። በ4,000 የተቀጠረው በዓመት 2,800 ድርሃም ሲያጠራቅም በ5,600 የተቀጠረው 3,920 ያጠራቅማል። አንድ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ምንም አያገኝም።

ይህ ክፍያ እዚህ በጡረታ ቦታ የቆመ ነገር ነው። አገር ቤት ሕጉን የሚያከብር የግል ትምህርት ቤት ከመምህሩ 7 በመቶ ቆርጦ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታ ያስገባል፤ 10 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜው ሲደርስ በየወሩ የሚቀበለው ነገር አለው። ኤምሬትስ ውስጥ የውጭ ዜጋ መምህር እንዲህ ያለ የመንግሥት ጡረታ የለውም። በሌላ በኩል እዚህ የደመወዝ ግብር የለም፤ አገር ቤት ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው። ስለዚህ ሰው እዚህ የሚያተርፈው ግብሩ ላይ ነው፣ የሚያጣው ደግሞ ጡረታው ላይ። ለእርጅናው ራሱ በየወሩ የማያስቀምጥ መምህር ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመለሰው በአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው በቤት ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤት ራሱ ይሰጣል ወይስ አበል ብቻ? ቤት የሚሰጥ ከሆነ ለብቻ ነው ወይስ ከባልደረባ ጋር ተጋርቶ? አበል ከሆነ የዱባይን የኪራይ አሠራር ማወቅ ያሻል። እዚህ አገር ኪራይ በአብዛኛው እንደ አዲስ አበባ በየወሩ የሚሰጥ አይደለም። ለዓመት ይዋዋላሉ፤ ክፍያውም ቀናቸው ወደፊት በተጻፈ ቼኮች፣ በአንድ፣ በሁለት፣ በአራት ወይም በስድስት ተከፋፍሎ ይሰጣል። የዓመቱ ኪራይ 40,000 ድርሃም፣ ቼኩም አራት ነው እንበል። የመጀመሪያው ቼክ 10,000 ነው። የቤት ዕቃ ለሌለው ቤት 5 በመቶ ማስያዣ 2,000፣ የደላላ 5 በመቶ 2,000፣ የመብራትና ውኃ ማስያዣ ለአፓርታማ 2,000 ይጨመራል። 16,000 ድርሃም መሆኑ ነው፤ የሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ያውም የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይገባ። በዚያ ላይ የቼክ ደብተር ለማውጣት የባንክ ሒሳብ፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ኤሚሬትስ አይዲ የሚባለው የነዋሪ መታወቂያ ይጠየቃል፤ አይዲው ደግሞ ከጤና ምርመራና ከመኖሪያ ፈቃድ በኋላ የሚመጣ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ክፍል ተጋርቶ፣ ወይም ኪራይ ቀለል ይላል ብሎ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ ገብቶ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ሻርጃ የገባም በኪራይ ያተረፈውን በጠዋቱ የመንገድ መጨናነቅ ይከፍለዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ መላክ አለበት፤ የቤት አበሉን የዓመቱን ወይም የስድስት ወሩን በቅድሚያ ትሰጡኛላችሁ? ብዙ መምህራን ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት ያዩታል። አይደለም፤ የሰው ኃይል ክፍሉ የለመደው ጥያቄ ነው።

ሴት መምህራን አንድ ተጨማሪ ስሌት አላቸው። በእኛ አገር የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቀዳል። የኤምሬትሱ ሕግ 60 ቀን ነው፤ 45ቱ በሙሉ፣ 15ቱ በግማሽ ደመወዝ። የሁለት ወር ሕፃን ትቶ ወደ ክፍል መመለስ፣ እናትም አክስትም አጠገብ በሌሉበት ከተማ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ትዳር የያዘና ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ቤተሰቡን ለማምጣት የ4,000 ድርሃም የወር ደመወዝ፣ ወይም 3,000 እና ከአሠሪው የተሰጠ ቤት እንደሚጠየቅ ይወቅ። የልጆቹ የትምህርት ክፍያ ስንት በመቶ እንደሚቀነስለትም ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍለት፤ ቅናሽ የሌለበት ውል ለባለ ሁለት ልጅ አባት የሚሆን ውል አይደለም።

አዲስ አበባ ያለ መምህር ኑሮውን የሚደጉመው ቤት ለቤት በሚያስጠናው ነው። እዚህ ያለ ፈቃድ ማስጠናት ክልክል ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የግል አስጠኚ ፈቃድ በነፃ፣ ለሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ግን የሥነ ምግባር ደንብ ያስፈርማል፣ ለተቀጣሪ መምህርም የትምህርት ቤቱ አለመቃወም ያስፈልጋል። «በትርፍ ሰዓት እሞላዋለሁ» ብሎ ዝቅተኛ ደመወዝ መቀበል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሥራው ራሱም ትርፍ ሰዓት አያስተርፍም፤ የትምህርት ዕቅድ በየሳምንቱ በሲስተም ይጫናል፣ የቀረ ባልደረባ ክፍለ ጊዜ ይሸፈናል፣ ወላጅ ማታ መልእክት ይልካል። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ2022 ጀምሮ ዓርብ ግማሽ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት በመሆኑ እሑድን ለቅዳሴ የሚፈልግ ሰው እፎይ ብሏል፤ ገና ግን ብዙ ጊዜ ከታኅሣሡ የትምህርት ቤት ዕረፍት መልስ የሥራ ቀን ላይ ይውላል።

የሙከራ ጊዜውም ይለያያል። አገር ቤት 60 የሥራ ቀን ነው፤ እዚህ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል፣ በዚያ ውስጥ አሠሪው በ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ነሐሴ መጨረሻ የጀመረ ሰው እስከ የካቲት ድረስ ወንበሩ አልጸናም ማለት ነው። ቴሌቪዥንና ሶፋ ሽጦ፣ ቤት አስረክቦ መምጣት ከዚያ በኋላ ይሻላል። በሙከራ ጊዜ ሳያስታውቅ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛም ለአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ ይከለከላል።

ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ማጣራትም አለ። የቪዛና የቅጥር ወጪ በሕግ የአሠሪው ነው፤ «ለፕሮሰስ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ እዚያው ይብቃ። ትክክለኛው የሥራ ስጦታ በሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ቅጽ የሚመጣ፣ ሚኒስቴሩ ዘንድ የሚጣራ ቁጥር ያለው ነው። በዚያ ቅጽ ላይ ያለው የሥራ መደብ «መምህር» ይላል ወይስ «ረዳት» ወይስ «ጸሐፊ»? ደብዳቤው መምህር ብሎ ቪዛው ጸሐፊ ካለ በኋላ የሚከራከሩበት ወረቀት የለም። «በቪዚት ቪዛ ና፣ እዚህ እንቀይርልሃለን» የሚለውንም አልመክርም፤ በጉብኝት ቪዛ መሥራት ሕገወጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ዱባይ ከሆነ ኬኤችዲኤ የሚባለው የከተማዋ የግል ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ያወጣቸውን የቁጥጥር ሪፖርቶች በነፃ ማንበብ ይቻላል፤ የመምህራን መልቀቅ በየሪፖርቱ የሚነሳበት ትምህርት ቤት ከሆነ ምክንያቱን ቃለ መጠይቁ ላይ መጠየቅ ነው።

ወረቀቱ የሚያልቀው ግን አገር ቤት ነው፣ ብዙ ሰውም ጊዜ የሚያጥረው እዚያ ነው። ቴምፖ አይሠራም፤ ዋናው ዲግሪ ይፈለጋል፣ ዋናው ዲግሪ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይጠናቀቅ አይወጣም። ከዚያ የዲግሪው ትክክለኛነት ማረጋገጫ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም፣ የኤምሬትስ ኤምባሲ ማኅተም ይከተላል። ዲግሪው ላይ የአያት ስም ከሌለ፣ ወይም አንዱ ላይ «ኃይለ» እና «ማርያም» ተነጥሎ ሌላው ላይ ተያይዞ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ፣ ፓስፖርቱን ያየ ሠራተኛ ሁለት ሰው ነው ብሎ ይመልሰዋል። የፖሊስ ማስረጃው ትኩስ መሆን ስላለበት በመጨረሻ ይውጣ።

አሁን የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት ለመልቀቅ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ሲለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ፣ በድርጅቱ አርማ፣ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲሆን ያስጽፉ። «ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2017» የሚለው ቀጥታ ተተርጉሞ ከመጣ ዱባይ ያለው ሰው በ2017 ሥራ እንዳቆሙ አድርጎ ያነበዋል፤ ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠሩ እንደቆዩም ይጠይቃል።