በግራ ጽዋ፣ በቀኝ ሰይፍ
ስለ ጆርጂያዊው ቀራፂ ኤልጉጃ አማሹኬሊ (ከ1928 እስከ 2002 እ.ኤ.አ.) ሥራዎች የተጻፈውን ጽሑፍ በደስታ ያነበብኩት ቢሆንም፣ ቀራፂው በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ያቆማትን «የካርትሊ እናት» የተባለችውን ሐውልት ከሌሎች የሶቪየት ዘመን «እናት ሀገር» ሐውልቶች እንደ አንዷ አድርጎ መቁጠሩ አላሳመነኝም። በሶሎላኪ ኮረብታ ላይ የቆመችው፣ 20 ሜትር ያህል ቁመት ያላት ይህች ሴት የተተከለችው በ1958 የትብሊሲ ከተማ 1500ኛ ዓመት ሲከበር ነው፤ በ1967 በሩሲያ የተመረቀችው የቮልጎግራዷና በ1981 በዩክሬን የተመረቀችው የኪየቯ ግን የጦርነት መታሰቢያዎች ናቸው። ልዩነቱ በእጆቻቸው ላይ ይታያል። የቮልጎግራዷ ሰይፍ፣ የኪየቯ ሰይፍና ጋሻ ሲይዙ፣ የትብሊሲዋ በቀኟ ለጠላት ሰይፍ፣ በግራዋ ደግሞ ለወዳጅ የወይን ጽዋ ይዛለች። እንግዳ ያለ ወይን በማይስተናገድበት ሀገር ጽዋው ጌጥ ሳይሆን ዋናው ሐሳብ ነው (ሰይፉን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን አላየም)።

እኔ ግን የቀራፂውን ችሎታ የምለካው፣ በዚያው በ1967 በትብሊሲው የሜቴኺ ገደል ላይ፣ ከምትክቫሪ ወንዝ አናት ባቆመው የንጉሥ ቫኽታንግ ጎርጋሳሊ ሐውልት ነው። ፈረሱም ሆነ ከተማይቱን ቆረቆረ የሚባለው ንጉሥ ያለ ብዙ ዝርዝር፣ በከባድና ድፍን ቅርጽ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከጎናቸው ያለውን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሳይጋፉ ከሩቅ ጎልተው ይታያሉ። ጸሐፊው ይህን ሥራ በአንድ መስመር ብቻ ማለፋቸው አስቆጭቶኛል።