ፖንቲያክ ቫይብ፦ በሌላ ዓርማ የሚነዳ ቶዮታ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ያገለገለ መኪና ሲፈለግ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ቶዮታ ግዛ፣ ከቻልክም ኮሮላ ይሁን። ምክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፈው ኮሮላ ዛሬም ተፈልጎ ሲሸጥ እያየ ያደገ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ይህን እምነት ይዞት ቢመጣ አያስገርምም። ችግሩ እምነቱ ከመኪናው አልፎ በዓርማው ላይ ማረፉ ነው። ጥቂት ሺህ ዶላር ቋጥሮ የመጀመሪያ መኪናውን የሚፈልግ አዲስ ገቢ፣ ከ200 ሺህ ማይል በላይ የተነዳና ታሪኩ በውል የማይታወቅ ኮሮላ ሲያገኝ ሳያንገራግር ይከፍላል፤ ማይሉ ያነሰና አያያዙ የተሻለ ፖንቲያክ ቫይብ ሲቀርብለት ግን «ኩባንያው ተዘግቷል፣ ዕቃ አይገኝለትም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰናብተዋል።

በእኔ አመለካከት ይህ ዓረፍተ ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ማንም ሳይመረምረው ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ወሬ ነው። ምርቱ የተቋረጠ አነስተኛ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ሊያጣራቸው የሚገቡ ጉዳዮች ሁለት ናቸው፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው አካል የማን እንደሆነ፣ ቆርቆሮው ራሱ ሲጎዳ ደግሞ ምትኩ ከየት እንደሚመጣ። ቫይብ ለመጀመሪያው ጥያቄ እጅግ ጥሩ፣ ለሁለተኛው ግን ደካማ መልስ ያለው መኪና ነው።

የፖንቲያክ ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ስሙን እንደሚያስቀር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 ሲሆን፣ በጁን ወር የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ኩባንያው ራሱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ገበያው የሚያስታውሰው ይህንን ውድቀት ነው። ቫይብ ግን የተወለደው ዲትሮይት አካባቢ ካሉት የጂኤም ፋብሪካዎች በአንዱ አልነበረም። ቶዮታና ጂኤም እ.ኤ.አ. በ1984 በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ ኑሚ የተባለ ፋብሪካ በጋራ ሥራ ያስጀመሩ ሲሆን፣ ቶዮታ በአሜሪካ ምድርና በአሜሪካ ሠራተኛ መኪና ማምረትን ሊለማመድበት፣ ጂኤም ደግሞ የቶዮታን አሠራር በቅርብ ሊማርበት አስበው ነበር። ከዚሁ ፋብሪካ የወጣው ጂኦ ፕሪዝም በስሙ የአሜሪካ፣ በሥጋው ግን ኮሮላ ነበር፤ ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከኮሮላው ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ከ2003 እስከ 2010 ሞዴል ድረስ የተመረተው ቫይብም የዚያው ዘር ተከታይ ነው። መንትያው ቶዮታ ማትሪክስ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሲገጣጠም፣ ቫይብ በፍሪሞንት ይሠራ ነበር። እንዲያውም ቶዮታ ይህንኑ መኪና መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ቮልትዝ የሚል ስም ሰጥቶ፣ ከካሊፎርኒያ ወደ ጃፓን እየወሰደ ለራሱ አገር ገዥዎች ሸጦታል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘግቶ ዛሬ የቴስላ መኪኖች የሚመረቱበት ሆኗል።

ኮፈኑን ከፍቶ ለሚመለከት ሰው ዝምድናው የተሰወረ አይደለም። እስከ 2008 ያሉት ሞዴሎች የያዙት 1.8 ሊትር ሞተር በዘመኑ ኮሮላ ላይ የተገጠመው ራሱ ነው፤ በየተወሰነ ማይል መለወጥ ያለበት የጎማ ቀበቶ ሳይሆን የብረት ሰንሰለት ያለው በመሆኑም አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው አንድ ትልቅ ወጪ ይቀንስለታል። ካንዴላው፣ ውሃ ፓምፑ፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ የፍሬን ሸራውና አሞርትዛተሩ የማትሪክስ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ መለዋወጫ መደብር ገብቶ በፖንቲያክ ስም የፈለገውን ያጣ ባለቤት፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን ዓይነት ካመሳከረ በኋላ የዚያኑ ዓመት ማትሪክስ ዕቃ መጠየቅ ይችላል። ዋጋውንም በሁለቱም ስም ማጣራት አይጎዳም። ማንኛውም ኮሮላ የሚጠግን መካኒክ ይህን መኪና ይጠግነዋል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ኮሮላ የማያውቅ ሐበሻ መካኒክ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው።

ውስጡም ቢሆን ለታሰበበት ሥራ የተመቸ ነው። የኋላ ወንበሮቹ ብቻ ሳይሆኑ በመጀመሪያው ትውልድ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበርም ወደ ፊት ተዘርግቶ ስለሚተኛ ረጅም ዕቃ ከኋላ በር እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ ይገባል። የዕቃ መጫኛው ወለል ጠንካራ ፕላስቲክ በመሆኑ የፈሰሰ ዘይትም ሆነ ቡና በጨርቅ ይጠረጋል። ብዙዎቹ ዳሽቦርዳቸው ላይ የቤት ሶኬት የሚመስል 115 ቮልት መሰኪያ አላቸው፤ ምጣድ አይችልም እንጂ ላፕቶፕ ለመሙላት ይበቃል።

ወደ ደካማው ጎን ስንመጣ፣ የፊት ባምፐሩ፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎዎቹ፣ የፊትና የኋላ መብራቶቹ የቫይብ ብቻ ናቸው፤ የማትሪክሱ አይገጥሙለትም። ፖንቲያክ ከቆመ ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነ እነዚህን ዕቃዎች ወይ ከሌላ አምራች ቅጂ ወይ ከጃንክ ያርድ መፈለግ ግድ ነው። ይህም ከጥገናው ይልቅ በኢንሹራንስ በኩል ይብሳል፤ የመኪናው የገበያ ዋጋ ዝቅተኛ በመሆኑ መጠነኛ ግጭት እንኳ ሲደርስ የባምፐር፣ የመብራትና የቀለም ዋጋ ተደምሮ ኩባንያው «ከሚጠገን ዋጋው ተሰጥቶት ይወገድ» ወደሚል ውሳኔ በቀላሉ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ቫይብ ሲገዛ የቆርቆሮው ጤንነት ከኮሮላ በላይ ሊታይ ይገባል። የተሰነጠቀ የፊት መብራት በኮሮላ ላይ የዋጋ መከራከሪያ ብቻ ነው፤ በቫይብ ላይ ግን ምትኩ መኖሩንና ዋጋውን ሳያውቁ መዋዋል ስህተት ነው።

የሁለቱን መኪኖች ዝምድና ከማስታወቂያ ይልቅ የሚመሰክሩት የሪኮል (አምራቹ ጉድለት የተገኘበትን መኪና ለጥገና የሚጠራበት) መዝገቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ቶዮታን ያስጨነቀው የሚጣበቅ የነዳጅ ፔዳል ጉዳይ የ2009 እና የ2010 ቫይብንም ይመለከት ነበር። በዚያው ዓመት ቶዮታ ከ2005 እስከ 2008 የተመረቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮሮላዎችንና ማትሪክሶችን፣ በጉዞ ላይ ሞተር ሊያጠፋ በሚችል የኮምፒውተር ጉድለት ምክንያት ሲጠራ፣ ጂኤምም የቫይብ ባለቤቶችን አብሮ ጠርቷል። ከሁሉም የከፋው ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው። በዚህ ኤርባግ ውስጥ ያለው ፈንጂ በዕድሜ፣ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲበላሽ የብረት መያዣውን ሰባብሮ ስብርባሪውን ወደ ተሳፋሪው ሊረጭ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ቶዮታና ጂኤም የ2003 እና የ2004 ኮሮላ፣ ማትሪክስና ቫይብ እንዲሁም የ2004 እና የ2005 ራቭ 4 ባለቤቶች ኤርባጉ እስኪቀየር ድረስ መኪናቸውን ጨርሶ እንዳያንቀሳቅሱ አስጠንቅቀዋል፤ ማስጠንቀቂያው የተመለከታቸው መኪኖች 61 ሺህ ያህል ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ዓርማውን ብቻ አይቶ ኮሮላ የገዛው ሰውም ከዚሁ አደጋ ያላመለጠ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ መለያ ተቀብሎ በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ነፃ ነው፣ ከአንድ ደቂቃም አይፈጅም። ያልተሠራ ሪኮል ከተገኘ የቫይብን ጉዳይ የሚመለከተው የጂኤም ዲለር እንጂ የቶዮታው አይደለም። የታካታ ኤርባግ ያለ ክፍያ ይቀየራል። ለሌሎቹ ሕጉ አምራቹ በነፃ እንዲጠግን የሚያስገድደው ሪኮሉ በታወጀበት ጊዜ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ ከ15 ዓመት ያልበለጠው ከሆነ ነው፤ ቫይቦች ዛሬ ይህን ዕድሜ ስላለፉ ወደፊት ለሚመጣ ሪኮል ነፃ ጥገና ግዴታ አይሆንም፤ ለቀድሞዎቹም ቢሆን የቀድሞው ባለቤት አሠርቶት እንደሆነ ማጣራት እንጂ «በኋላ አሠራዋለሁ» ብሎ መግዛት አያዋጣም።

የዘይት ነገርም አለ። ከ2009 ጀምሮ በአንዳንዶቹ ላይ የተገጠመው 2.4 ሊትር ሞተር ከ2007 እስከ 2009 ባለው ካምሪ ላይ ዘይት በመጠጣት የታወቀው ሞተር ነው። የ1.8ቱም ቢሆን በዕድሜ ብዛት ሊጠጣ ስለሚችል፣ ሻጩ መኪናውን አሙቆ እንዳይጠብቅ አስቀድሞ ነግሮ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ማየት ተገቢ ነው። ደረጃው ከታችኛው ምልክት በታች ሆኖ ሻጩ «ትናንት ነው ሰርቪስ ያደረግሁት» ካለ፣ ወይ ሰርቪሱ ወይ ሞተሩ አንዱ ውሸት ነው። በሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ስም ሲዛወር የደኅንነት ኢንስፔክሽን ማለፍ አለበት፤ በቨርጂኒያ በየዓመቱ ይደረጋል፤ ዲሲ ግን ለግል መኪና የጭስ ምርመራ እንጂ የደኅንነት ኢንስፔክሽን አትጠይቅም። በመሆኑም ከዲሲ ሻጭ ገዝቶ ሜሪላንድ የሚያስመዘግብ ሰው ለጎማ፣ ለፍሬንና ለመሪ ዕቃዎች የሚወጣው ወጪ በእሱ ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ አውቆ መደራደር አለበት።

ይህ ሁሉ ሲባል ምርቱ የተቋረጠ መኪና ሁሉ ቫይብ ነው ማለት አይደለም። ሳተርን በተባለው ሌላው የተቋረጠ የጂኤም ስም በ2008 የመጣው አስትራ ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ውስጥ የተሠራ ኦፔል የተባለ የአውሮፓ መኪና ነበር፤ አነዳዱ ቢመሰገንም አሜሪካ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ብዙ ዕቃው አትላንቲክን መሻገር አለበት። የሳተርን ስም እስከ ዛሬ ሊተርፍ የሚችልበት ዕድል የነበረ ቢሆንም፣ ፔንስኪ የተባለው ኩባንያ ሊገዛው የጀመረው ድርድር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 ፈርሷል። ሌላው የሳተርን ልጅ፣ አዮን፣ ሞተሩን በጉዞ ላይ አጥፍቶ ኤርባጉን በሚያሰናክል የቁልፍ ማብሪያ ጉድለት ከተጠሩት የጂኤም መኪኖች አንዱ ነው፤ በዚህ ጉድለት ሳቢያ ለሞቱ 124 ሰዎች ቤተሰቦች ካሣ ተከፍሏል። በሌላው ጫፍ ሳየን አለ። ቶዮታ ለወጣቶች ብሎ ያቋቋመውን ይህንን ስም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያስቀር፣ የመጨረሻዎቹን ሞዴሎች የራሱን ዓርማ ለጥፎ መሸጡን ቀጥሏል። አነስተኛው ሳየን ኤክስዲ ደግሞ ሞተሩ የኮሮላ ነው። ለሳየን የሚከፈተው የቶዮታ በር ስላልተዘጋ «የጠፋ ብራንድ» የሚለው ፍርሃት እዚህ ላይ ምንም መሠረት የለውም።

አገር ቤትም ተመሳሳይ ታሪክ አለን። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት መኪኖቹን በወንዞቻችን ስም እየሰየመ ሲገጣጥም «አባይ» ያለው መኪና የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። ሆላንድ ካር ከከሰረ በኋላ የአባይ ባለቤት በአባይ ስም ዕቃ ቢጠይቅ የሚያገኘው የለም፤ ሊፋን 520 ብሎ የጠየቀ ግን ዱከም ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረውን ሊፋንን ተማምኖ ቆይቷል። ኋላ ሊፋን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 በቾንግቺንግ ፍርድ ቤት በኩል በዕዳ ምክንያት መልሶ ወደ መዋቀር ሲገባ፣ መጠለያው ራሱ መጠለያ ፈላጊ ሆነ። ቫይብን ከአባይ የሚለየው ይህ ነው፤ ከጀርባው ያለው ኮሮላ ነውና የመለዋወጫው ምንጭ በቅርቡ ይደርቃል ተብሎ አይፈራም።

የቀረው የዋጋ ጉዳይ ነው። ቫይብ የሚረክሰው ገዥዎች ስለሚፈሩት ነው፤ ይኸው ፍርሃት ባለቤቱ ሊሸጠው ሲወጣም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ነድቶ ባወጣበት ዋጋ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ኮሮላውን ቢይዝ ይሻለዋል። መኪናውን እስኪያልቅ ድረስ ሊነዳ ላሰበ ግን የመሸጫ ዋጋ መውረድ ከመግዣው ርካሽነት የሚበልጥ ጉዳት አይደለም። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ከ2005 እስከ 2008 ያለውን፣ 1.8 ሊትር ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን፣ የኮምፒውተሩና የኤርባጉ ሪኮል መሠራቱ የተረጋገጠውን ነው፤ ለዚያም ቢሆን ተመሳሳይ ዕድሜና ማይል ካለው ማትሪክስ በግልጽ የሚታይ ቅናሽ እጠይቃለሁ። ሻጩ «ውስጡ እኮ ቶዮታ ነው» ብሎ የማትሪክስ ዋጋ ከጠራ፣ በዚያ ገንዘብ ማትሪክሱ ራሱ ይገዛል።