ሃያ ሊትር

ወዳጄ መኪና ሊገዛ ነው። "ልገዛ ነው" ካለ ሰባት ወር አለፈው። በመጀመሪያው ሳምንት ምርጫውን ወደ ሁለት አወረደ፤ ቢኤምደብሊው ኤክስ 5 ወይስ መርሴዲስ ጂኤልኢ? ከዚያ በኋላ ፍንክች የለም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። የኔ ወዳጅ ግን አንዱንም አልወጣ፤ ከሥር ቆሞ ቅርንጫፍ ይቆጥራል።

አማካሪው እኔ ነኝ። እኔ መኪና የለኝም። የማያዳላ ሰው ፈልጎ መሰለኝ።

ሞተር ላይ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀን። ኤክስ 5 ኤክስድራይቭ 40አይ፦ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ። ጂኤልኢ 450፦ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ። የፈረስ ጉልበትስ? የዚህኛው አዲሱ ሞዴል 375። የዚያኛውስ? 375። ተያየን። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሳንቲም ወርውሮ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና "ፈረስ ሁሉ እኮ አንድ አይደለም" አለኝ።

ማርሽ ላይ ልዩነት ስናገኝ እንደ ልጅ ነው የዘለለው። ቢኤምደብሊው 8፣ መርሴዲስ 9። "ዘጠነኛው ምን ያደርግልሃል?" አልኩት። "አይታወቅም፣ ይኑር" አለ። ጠዋት ጠዋት በሚጓዝበት መንገድ ላይ እንኳን ዘጠነኛው፣ አራተኛውም ተራ የሚደርሰው አይመስለኝም።

የሚስቱ ወንድም ደግሞ በመጣ ቁጥር "ጀርመን ጀርመን ነው፣ ዝም ብለህ ግዛ" ይላል። የትኛውን እንደሚገዛ ግን አይናገርም። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ኤክስ 5 የሚገጣጠመው አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ስፓርታንበርግ እንደሆነ፣ ጂኤልኢም እዚያው አሜሪካ፣ አላባማ፣ ቱስካሉሳ አካባቢ እንደሚሠራ ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ወዳጄ ለሁለት ቀን ስልኬን አላነሳም።

በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለ። አዲስ ነገር አግኝቷል። አንዳንዱ ጂኤልኢ ላይ በተጨማሪ ክፍያ የሚገጠም ሰስፔንሽን (መኪናውን በጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው ሥርዓት) አለ፤ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር ከፍ ዝቅ እያለ፣ እየተወዛወዘ ራሱን ለማውጣት ይሞክራል። እስክስታ ነው በአጭሩ። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየው ፈጣሪ ይቁጠረው። ይህ ሰው በረሃን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ቢሆንም "ድንገት ቢያጋጥምስ?" ይላል።

በቢኤምደብሊው በኩል ደግሞ ጣትን በአየር ላይ በማዞር የሙዚቃውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻልባቸው ኤክስ 5ዎች ነበሩ። ይሄን ስትሰማ ሚስቱ ሳቀች። "አንተ እኮ ስታወራ እጅህ አያርፍም። አንድ ነገር ልታስረዳኝ ስትል ጆሮዬን ልታደነቁረው ነው።" ወዲያው ስለ መርሴዲሱ ጠየቀችኝ። "ሄይ መርሴዲስ፣ በረደኝ" ሲሉት ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል አልኳት። ባሏን ዞር ብላ አየችው። ምንም አላለችም፤ እኔ ግን አንድ ነጥብ መዘገብኩ።

ስለ ሙቀት ካነሳን፣ ቢኤምደብሊው በ2022 በአንዳንድ አገሮች የወንበር ማሞቂያን በወርሃዊ ክፍያ አቅርቦ ሰው ሲጮህበት በቀጣዩ ዓመት ትቶታል። ማሞቂያው ወንበሩ ውስጥ አለ፣ ወንበሩ ያንተ ነው፣ ሙቀቱን ግን ትከራያለህ ማለት ነው። በገዛ ወንበር ተከራይ መሆን!

ትልቁ ጦርነት የተነሳው የኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ነው። ኤክስ 5፣ 650 ሊትር። ጂኤልኢ፣ 630። "ሃያ ሊትር!" አለ ወዳጄ፣ ሰው እንደሞተበት ሁሉ። "አንድ ጀሪካን እኮ ነው! አንድ ሙሉ ጀሪካን!" ወንበሮቹ ሲታጠፉ ግን ጂኤልኢ 2055፣ ኤክስ 5 ደግሞ 1870 እንደሚይዙ አሳየሁት።

"ታዲያ መቼ ነው የማጥፈው?"

"እኔ ምን አውቄ። ፍሪጅ ስትገዛ።"

"ፍሪጅ አለኝ።"

"ቢበላሽስ?"

ተከዘ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ኋላ ላይ ሚስቱ ነግራኛለች።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ብቻቸውን ሄዱ። እኔን አልጠሩኝም፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል። እንደሰማሁት እሷ ኤክስ 5 ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ወጣች። ጂኤልኢው ውስጥ ገብታ ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች። "ድፍ" ይላል አለች። "ይሄ ይሁን።" የሰባት ወር ጥናት፣ በአንድ "ድፍ"።

ባለፈው ሳምንት ሊያሳየኝ መጣ። እውነት ለመናገር ያምራል። ዞርኩት፤ የወጉ ነውና ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። የኋላውን ስከፍት አንድ ጃንጥላ አለ፣ ኅዳጉ በእስክሪብቶ የተሞላ የወረቀት ክምር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

ፊቱ በራ። "ገባ እኮ!" አለኝ።