ክብርና ምስጋና ለአጥኚው ኮሚሽን

ፖለቲከኛ በከንቱ ይታማል እንጂ እንደሱ የሚያስብልን የለም። ቤት ስንጠይቀው ዝም አይልም፤ ያጠናል። የሐኪም ወረፋ ረዘመብን ስንለው ያጠናል። የአረጋውያን ነገርማ ሲነሳ ሆዱ ይባባና ታላላቅ ባለሙያዎች የተሰበሰቡበት ኮሚሽን ያቋቁማል። ጆሮ ዳባ ልበስ አላለንም። እንዲያውም ያንኑ ችግራችንን ደጋግመን እንድንነግረው የሚጋብዘን ከፍቅሩ ብዛት ነው።

መራጩ ግን ውለታ አያውቅም። ኪራይ በጨመረበት ቁጥር «ፓርቲዎቹ ሁሉም አንድ ናቸው» እያለ ያማርራል። ይሄ ግፍ ነው። በፍጹም አንድ አይደሉም። ሥልጣን ላይ ያለው ኮሚሽን ያቋቁማል፤ ተቃዋሚው «ጥናት በቃን፣ ሥራ እንፈልጋለን!» ብሎ ይጮኻል። ከምርጫው በኋላ ነው ቦታ የሚለዋወጡት።

በዚህ ሙያ ዋንጫ ይሰጥ ቢባል የኔ ድምፅ ለእንግሊዝ ነው። እዚያ ሕክምና በነፃ ነው። ነገር ግን አዛውንቱ አቅም አንሷቸው የሚያጥባቸውና የሚያለብሳቸው ሰው ሲያስፈልግ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ሀብት ካላቸው ወጪው ከኪሳቸው ነው። ወደ መጦሪያ ለመግባት ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ቤት የሚሸጥ ብዙ ነው። ቶኒ ብሌር በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥልጣን እንደያዙ እንዲህ ያለ አገር እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ይበል የሚያሰኝ ንግግር ነበር። ኮሚሽንም ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1999 መልሱን ይዞ መጣ፦ የእንክብካቤው ወጪ ከታክስ ይሸፈን።

ስኮትላንዶች እዚህ ላይ ቸኮሉ። ምክሩን ተቀብለው ከ2002 ጀምሮ የአረጋውያንን የግል እንክብካቤ ነፃ አደረጉት። ጥናት እንዲህ ነው የሚባክነው! አንዴ ሥራ ላይ ካዋሉት በኋላ ተመልሰው ምኑን ያጠናሉ?

እንግሊዝ ግን አስተዋይ ናት። በ2010 አዲስ መንግሥት ሲመጣ አዲስ ኮሚሽን መጣ። በ2011 ሪፖርት ቀረበ፦ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ለእንክብካቤ የሚከፍለው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው። በ2014 ሕግ ወጣለት። እኔ በበኩሌ እዚህ ጋ ደንግጫለሁ። የምር ሊሠሩት ነው እንዴ? ግን አይዞን። በ2016 ሊጀመር የነበረው ወደ 2020 ተገፋ። 2020 ሳይደርስ ተሰረዘ። በ2019 ቦሪስ ጆንሰን ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑበት ቀን ጽሕፈት ቤታቸው ደጃፍ ቆመው፣ ይህን ችግር ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚፈቱት፣ ዕቅዱም ተዘጋጅቶ ያለቀ እንደሆነ አበሰሩ። ተዘጋጅቶ ያለቀው ዕቅድ ብቅ ያለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የ86,000 ፓውንድ ጣሪያ፣ ከ2023 ጀምሮ። ቀጥሎ ወደ 2025 ተዛወረ። በ2024 ሌላው ፓርቲ ገባና ጭራሹን ሰረዘው።

ከዚያስ? በ2025 ገና ዓመቱ ሲጠባ አዲስ ኮሚሽን እንደሚቋቋም ተነገረ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባል የነበረው ድሮ ቀረ። አሁን ላሟ ትጠናለች። በ1997 ያንን ንግግር በቴሌቪዥን የሰማ የ60 ዓመት ሰው በ2025 ዕድሜው 88 ነው። ያኔ ነገሩን ያዳመጠው ስለ እናቱ እያሰበ ይሆናል። አሁን ስለ ራሱ ሊያስብ ይችላል። አንድን ሰው ለሁለት ትውልድ ጉዳይ በአንድ ወረፋ ማስተናገድ ቀላል ቅልጥፍና አይደለም።

ለነገሩ ሁልጊዜ ማራዘም ግድ አይደለም። የቃል ትርጉም ማስፋትም አንድ ሙያ ነው። በዚያው በ2019፣ በ2030 አርባ አዲስ ሆስፒታል ይኖራችኋል ተባለ። ጠያቂ አይጠፋምና «አዲስ ሲባል ምን ማለት ነው?» የሚል መጣ። መልሱም ተዘጋጅቶ ለጤና ተቋማት ተላለፈ፦ በነባሩ ግቢ የሚሠራ አዲስ ሕንፃም፣ ነባሩን በሰፊው ማደስም አዲስ ሆስፒታል ይባላል። እድሳቱም ቢሆን አልደረሰም። በ2025 በወጣው የጊዜ ሰሌዳ የአንዳንዶቹ ግንባታ የሚጀመረው ከ2035 በኋላ ነው። የሚጀመረው እንጂ የሚያልቀው አላልኩም።

የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥንም አለማድነቅ ንፉግነት ነው። በየትም አገር ይሁን፣ አንድ ቀን ቀረብ ብላችሁ እዩት። መሬቱን ሠራተኞች አስቀድመው ቆፍረው አለስልሰውታል። አካፋው ከሱቅ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው፤ አንገቱ ላይ ሪባን ታስሯል። የክብር እንግዳው በሱፍ ልብስ ላይ ሄልሜት ደፍተዋል፣ ማሰሪያው አገጫቸው ሥር ሳይቆለፍ ተንጠልጥሏል። አፈሩን ሦስት ጊዜ ዛቅ ያደርጋሉ። አንዱ ለቴሌቪዥን፣ አንዱ ለጋዜጣ፣ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ላላየ ሰው። ከዚያ መኪናው ይመጣል። አካፋው ተጠርጎ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ቤት ፈላጊው ታዲያ ምን ቀረኝ ብሎ ያማርራል? ከቤቱ አንዱ ድንጋይ ተቀምጦለታል እኮ!

ቢሮዎቹም ከአለቆቻቸው ተምረዋል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባል ድጎማ አለ። ገቢ ያጣ ሰው አመልክቶ የመጀመሪያውን ክፍያ ለማግኘት በመደበኛው አሠራር 5 ሳምንት ይጠብቃል። እስከዚያ ምን ይብላ? ታስቦለታል። ቅድሚያ ክፍያ መውሰድ ይችላል፤ ከሚመጣው ክፍያ ላይ እየተቆረጠ የሚመለስ ዕዳ ሆኖ። ቸግሮት የመጣን ሰው ዕዳ አሸክሞ መቀበል እንግዲህ የደግነት ጥግ ነው።

አንዳንድ ሕዝብ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። የበርሊን ሰዎች ፓርቲዎቹን መጠበቅ ሰለቻቸውና በ2021 ራሳቸው ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ። ከ3,000 በላይ መኖሪያ ያላቸው ትልልቅ አከራይ ኩባንያዎች ቤቶቻቸው ካሳ እየተከፈለባቸው ወደ ሕዝብ ይዙሩ የሚል ነበር። ወደ 240,000 ቤት ማለት ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው «ይዙሩ» አለ፤ አብላጫውንም አገኘ። ውሳኔው የከተማውን መንግሥት ሥሩ ይላል እንጂ በሕግ አያስገድድም። ታዲያ ሕዝብ እንዲህ ቁርጡን ሲናገር ምን ይደረጋል? አወቃችሁት። የባለሙያዎች ኮሚሽን! ኮሚሽኑ በ2023 «በሕግ ይቻላል» የሚል መልስ ሰጠ። ሰውን ማጨናነቅ አይበቃም? ደግነቱ መላ አልጠፋም። መጀመሪያ አጠቃላይ መርሆችን ብቻ የሚያስቀምጥ ማዕቀፍ ሕግ ይዘጋጅ ተባለ።

እኔ የምታሳዝነኝ ቪየና ናት። በ1923 የከተማዋ ምክር ቤት በ5 ዓመት 25,000 ቤት እንሠራለን አለ። መቼም አፍ ነው፣ ይናገራል። እነሱ ግን ሠሩት። ያውም ከቀኑ ቀድመው! ቅንጡ ቤት ያለው ብዙ፣ ጠባብ ቤት ያለው ጥቂት የሚከፍልበት የቤት ግብር ጣሉና በዚያ ገንዘብ ቀጠሉ። እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ ደረሰ። ዛሬም ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በከተማው ቤት ወይም በድጎማ በተሠራ ቤት ነው። የቪየና ፖለቲከኛ ምን ያህል እንደተጎዳ አስቡት። «መንግሥት ቤት መሥራት ይችላል ወይ?» የሚል ጥናት ሊያዝ ቢነሳ፣ የሚያጠናው ሰው ራሱ ከመንግሥት ቤት ተነስቶ ነው ቢሮ የሚገባው።

ምስጋናውን ሁሉ ለነሱ አንስጥ እንጂ። የኛም እጅ አለበት። አራት ዓመት ሙሉ ስንሳደብ ቆይተን ምርጫው ሲቃረብ ቲፎዞ እንሆናለን። የነሱ ፓርቲ ቀን ሲገፋ ሌባ ነው፤ የኛ ሲገፋ «ያገኘው ካዝና ባዶ ሆኖበት ነው» እንላለን። ቃል የተገባልንን ወረቀት አስቀምጦ የሚያመሳክር ሰው በመካከላችን ቢገኝ ቂመኛ ነው የሚባለው። በዚህ ላይ ተስፋ ስንወድ! የተሠራ ቤት ስንጥቁ ይታያል፣ ቧንቧው ያፈሳል፣ ጎረቤቱ ይጮኻል። ያልተሠራ ቤት ግን ምንም እንከን አይወጣለትም።

የእንግሊዙ አዲስ ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርቱን የሚያቀርበው እስከ 2028 ነው። የአገሪቱ ቀጣይ ምርጫ ደግሞ ቢዘገይ ቢዘገይ ከነሐሴ 2029 አያልፍም። ሪፖርቱ ወፈር ካለ አንድ ዓመት ለማንበቢያ ይበቃል። የምርጫ ማኒፌስቶውን ከአሁኑ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል፦ «ፓርቲያችን የኮሚሽኑን ምክረ ሐሳብ በጥልቀት ይመለከታል።» የፓርቲው ስም የሚገባበት ብቻ ክፍት ይተው።